ከእጁ ልቀበል?

አያቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት ሲቀር ቤተሰቡ ተሰብስቦ «የልደቱን ምግብ ቤት አራባ ትምረጥ» ብሎ ፈረደብኝ። አራባ እኔ ነኝ። ምነው ያን ዕለት «ሌላ ሰው ይምረጥ» ባልኩና በቀረ! ግን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ደስ ያለኝበትን ምክንያት ከእኔና ከአንድ ሰው በቀር አክራ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አያቴን ትልቅም ትንሽም «ናና» ነው የሚላቸው። አሥራ አራት ሰው ነበርን፣ ከናና ጀምሮ ገና ጥርስ እስካላበቀለችው የልጅ ልጃቸው ልጅ ድረስ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያስማማ ምግብ ቤት አለ ብላችሁ እንዳትደክሙ። ልጆቹ ከባሕሩ ዳርቻ ሌላ አንሄድም አሉ። እናቴ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ወደሌለበት ቤት እግሯን አታነሳም። አጎቴ ኮቢና ደግሞ ትልቁ ሆቴል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

«አዳራሹ ሰፊ ነው፣ አሳንሰር አለው፣ ደግሞ ሰው ያየናል።»

«ጋሼ፣ የምንሄደው ሰው ሊያየን ነው ወይስ ናና ሊበሉ?» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ አፍሽን!» አለች እናቴ።

«ተያት» አሉ ናና ከወንበራቸው። «በዚህ ቤት አፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። እኔ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣልኝም፣ የፊት ጥርሴም የእኔ አይደለም፣ ጫጫታ አልወድም። ከዚህ ሌላ የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

እኔም ላቦኔ ሰፈር ያለውን «ዛጎል»ን አነሳሁ። ለናና ደረጃ የለውም አልኳቸው። ለእናቴ የጠረጴዛውን ልብስ ፎቶ አሳየኋት። አጎቴን «ዳኞችና አምባሳደሮች ናቸው የሚበሉበት» ስለው ጺሙን ዳበሰ። ልጆቹን በአይስክሬም ገዛኋቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ጠበቃ ተሟግቼ ረታሁ። የዛጎል ዋና ምግብ አብሳይ ኦካይ እንደሆነ፣ ኦካይ ደግሞ የእኔ እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ዛጎል ምሳ ልበላ ገብቼ ዓሣው ቀዝቅዟል ብዬ መለስኩ። ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ ከወጥ ቤት ወጣና «እመቤት፣ ዓሣው ጥፋት የለበትም። ትኩሱን መጥቶ እርስዎ ስልክ ሲያወሩ ነው የበረደው» አለኝ። በሰው ፊት እንደዚያ የገሠጸኝ አልነበረም። ልቆጣ ብዬ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሲስቅ የፊት ጥርሱን ፍንጭት አየሁ፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ልቤ የእኔ አልነበረም።

ኦካይ የቾርኮር ልጅ ነው። እናቱ እማማ ዴዴ በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር መግቢያ ኬንኬ ይሸጣሉ። የበቆሎ ሊጥ በቅጠል እየጠቀለሉ፣ እየቀቀሉ ነው አራት ልጅ ያሳደጉት። የእኛም ቤት ኬንኬ ከእሳቸው ነው የሚመጣው። እናቴ ሾፌር ትልካለች እንጂ አንድ ቀን ቾርኮርን ረግጣ አታውቅም። የዳኛ ሚስት ናት፣ አባቴ ከሞተ በኋላም የዳኛ ሚስት ናት። እኔ ግን በድብቅ እየሄድኩ እማማ ዴዴ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ኬንኬዬን በበርበሬ እያጣቀስኩ እበላ ነበር። «ልጄ» ይሉኝ ነበር። እኔ የእሳቸውን ልጅ እስከ ቤቴ በር እንኳ አምጥቼው አላውቅም።

ልደቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኦካይ እጄን ይዞ «በዚያ ምሽት ተናገሪ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ምግቡ ካለቀ በኋላ ወደ ጠረጴዛችሁ እመጣለሁ። ‹ይሄ ኦካይ ነው› በይ። ሌላ አትጨምሪ። የቀረውን እኔ እናገራለሁ።»

«ይኸው ነው? ሦስት ቃል እኮ ናት!»

«ሦስት ቃል ከሆነች ታዲያ ለምን ሁለት ዓመት ፈጀች?» አለኝ። እየሳቀ ነበር፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ቃል ገባሁለት። ስገባ ከልቤ ነበር፣ ይህን እመኑኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። በፋሲካ የአጎቴ ልጅ ኤፉዋ ታጭታ ነበር። እንደ ወጉ የልጁ ወገኖች መጠጥ ይዘው መጡ፣ ለእኛ ወገን የተቀመጡት ናና ነበሩ። ጠርሙሱን ከመንካታቸው በፊት ወደ ኤፉዋ ዞረው «ከእጃቸው ልቀበል?» አሉ። «ይቀበሉ» አለች። እንደገና ጠየቁ። «ይቀበሉ ናና!» ሦስተኛ ሲጠይቁማ ኤፉዋ «ኧረ ሳይለወጥብኝ ይቀበሉልኝ!» ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። ልጅቷ ሦስት ጊዜ እሺ ካላለች መጠጡ ወደመጣበት ይመለሳል። እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ ሕፃን ብቻ ነው።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዛጎል ደረስን። ናና ነጭ ለብሰው፣ የድሮ ዶቃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው እንደ ንግሥት ተቀመጡ። ሜኑውን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ነው የሚበላው?» ሲሉ ጎረቤት ጠረጴዛ ሳይቀር ሳቀ። እናቴ ጨርቁን ዳበሰች፣ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስታ አየች፣ ከዚያ ሁሉም እየሰማ «ልጄ መምረጥ ታውቃለች!» አለች። እናቴ አመስግናኝ አታውቅም። አፈር ልብላና፣ ያቺ ምስጋና ጣመችኝ።

ገና ሾርባው ሳይመጣ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ኦካይ ወጣ። መጨረሻ ላይ ነበር የተባባልነው። አዲስ ነጭ ኮት ለብሷል፣ በሁለት እጁ ሸክላ ሳህን ይዟል። ናና ፊት ደርሶ ጎንበስ አለ።

«እንኳን አደረስዎ ናና። የልደት ሰው ከሌላው ምግብ በፊት ይሄን ነው የሚቀምሰው ብዬ ነው።»

ኦቶ ነበር፣ «ያም» የሚባለው ሥር ተቀቅሎ፣ ተደፍጥጦ፣ በቀይ የፓልም ዘይት ተለውሶ፣ ላዩ ላይ ቢላዋ ያልነካው ሙሉ እንቁላል ተደርጎበት። ናና ከልጅነታቸው ጀምሮ ልደታቸውን ያለ ኦቶ አሳልፈው አያውቁም። ዛጎል ሜኑ ላይ የለም። ለኦካይ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ አንድ እሁድ በጨዋታ መሃል። እሱ አልረሳውም።

ናና ሳይነኩት ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ሽንኩርቱን ዘይቱ ላይ ጠብሰህ አውጥተኸዋል።»

«አዎ ናና። ሆድዎን እንዳያምዎ ብዬ ነው።»

«እንዴ! በምን አወቀ?» አለች እናቴ።

«ትልቅ ቤት እንዲህ ነው፣ እንግዳውን ያጠናል» አለ አጎቴ ኮቢና፣ ያጠናው እሱ ይመስል።

ናና ቀና ብለው መጀመሪያ ኦካይን፣ ቀጥለው እኔን አዩ። እኔ ሹካዬን አየሁ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የቾርኮሯ የዴዴ ልጅ ነኝ። ስሜ ኦካይ ነው።» ይህን ሲል ዞሮ አየኝ። በዓይኑ «በይ እንግዲህ፣ በሩን ከፍቼልሻለሁ» እያለኝ ነበር። ሦስቱ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር።

እናቴ ቀደመችኝ። እጇን አጨበጨበች። «ዴዴ? የኬንኬዋ ዴዴ? ጉድ እኮ ነው! ኮቢና፣ ሰማህ? የኬንኬያችን ልጅ! እሰይ የኔ ጎበዝ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ።»

ክፋት አልነበረባትም፣ የባሰውም ይኸው ነው። ጠረጴዛው በሙሉ በደግነት ሳቀ፣ ለእይታ እንደቀረበ የቤት ዕቃ አዩት። እኔ ደግሞ ፊቴ ነደደ። ላሳምረው አልፈልግም፣ አፈርኩ። በእነሱ ሳይሆን በእሱ አፈርኩ። ሦስቱ ቃል ወደ ሆዴ ተመለሱ።

«አራባ» አሉ ናና። ሁለት እጃቸውን ከጠረጴዛው ከፍ አድርገዋል። «ከእጁ ልቀበል?»

እንደ ቀልድ ቆጥሬ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። 

«አራባ፣ ከእጁ ልቀበል?»

ያኔ ገባኝ። እግዜር ያውቃል፣ በሁለተኛው ገብቶኛል። ናና እኔን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ለይተው በወጉ እየጠየቁኝ ነው። ሌላው ሰው የአሮጊት ጨዋታ መስሎት አይስክሬም ያማርጣል። ኦካይ ሳህኑን ዘርግቶ ጎንበስ እንዳለ ነው። አንዲት «ይቀበሉ» ብቻ ነበር የምታስፈልገው። ኤፉዋ እንደዋዛ ያለቻት ቃል።

ናና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ከእጁ ልቀበል?»

«ናና ደግሞ!» አልኩ። ድምፄ እንደ እናቴ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ሰውዬው ሥራው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። የናና እጆች ቀስ ብለው ወደ ጭናቸው ወረዱ። ኦካይ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አቅጣጫውን አስተካከለ፣ «መልካም ምግብ» አለ። ሊሄድ ሲል አጎቴ ኮቢና ስልኩን ዘረጋለት።

«ወንድም፣ በሞቴ አንድ ፎቶ አንሳን። አራቱም ትውልድ ይግባ።»

ኦካይ ስልኩን ተቀበለ። ከእኛ ጋር ፎቶ ውስጥ ሊገባ የነበረው ሰው ራቅ ብሎ ቆመና አሰለፈን። «ልጆች ወደ መሃል። እናት፣ ትንሽ ወደ ናና ጠጋ ይበሉ።» ከዚያ ወደ እኔ። «እመቤት፣ ቀና ይበሉ።» ቀና አላልኩም። «እመቤት፣ እባክዎን፣ ወደዚህ።» በመጀመሪያው ቀን ስለቀዘቀዘው ዓሣ ሲከራከረኝ «እርስዎ» ያለኝ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንቺ ጠርቶኝ፣ ተመልሶ እርስዎ አለኝ። ሦስተኛ አልጠየቀኝም። አነሳና ስልኩን መልሶ ሄደ። ምግቡ ግሩም ነበር አሉ። እኔ ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ስንመለስ ናናን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ በአጎቴ መኪና ሄደዋል። ቀለበት መንገዱ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወጉን ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

«አውቃለሁ ናና።»

«በሁለተኛው ገብቶሽ ነበር።»

አለቀስኩ። «እንደሚያውቁ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጭራሽ እኔ ልንገርሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ እየሸተትሽ ገብተሽ ‹ቢሮ አመሸሁ› ስትይኝ ዝም ያልኩት ተሞኝቼ መሰለሽ? አንድ ቀን በአፍሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። ዛሬ ሳህኑን ሳሸተው ቀኑ መጣ አልኩ።»

«አሁን መኪናውን አዙሬ ልንገረው። እንደምወደው ልንገረው።»

«ለእሱማ ሁለት ዓመት ነግረሽዋል። መነገር የነበረበት ለእኛ ነበር።»

«ናና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁኝ።»

መሪው ላይ ያለውን እጄን ዳበስ አደረጉት። «አራተኛ የለም ልጄ» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ብቻ የደከሙ ይመስሉ ነበር። እስከ ቤት ድረስ መንገዱ በእንባ ደብዝዞብኝ ነዳሁ።

በማግስቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብዬ ቾርኮር ሄድኩ። እማማ ዴዴ ከድስታቸው ጀርባ ቆመው ኬንኬ ያወጣሉ። የእኔ ዱካ ላይ የሊጥ ባልዲ ተቀምጦበታል።

«ደንበኛዬ፣ ስንት ልስጥሽ?» አሉኝ።

«እማማ ዴዴ፣ እኔ ነኝ፣ አራባ።»

«አይቼሻለሁ። ስንት ልስጥሽ?»

«ኦካይን ፈልጌ ነው።»

«በማለዳው መኪና ወደ ታኮራዲ ከተማ ሄደ። አለቃውን ማታውኑ ተሰናበተ። እዚያ ያለው ሆቴል ከጠራው ዓመት አልፎታል፣ በሰው ምክንያት ነበር እምቢ ሲል የከረመው።» እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከጡታቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ብትመጣ ስጫት ብሎኛል። አትመጣም ብዬው ነበር።»

ወረቀቱን ስቀበል ባልዲውን ከዱካዋ ላይ ያነሱታል ብዬ ጠበቅኩ። ቅጠል እየቆጠሩ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞሩ። «ደንበኛዬ» አሉት እሱንም፣ በዚያው ድምፅ። ባሕሩ ዳር ጀልባዎቹ መሃል ተቀምጬ አነበብኩት።

«አራባ፣ እናትሽን አልተቀየምኳቸውም። ኬንኬ ያሳደገኝ ሰው መሆኔን ሲነግሩኝ አላፍርም። አጎትሽ ስልኩን ሲሰጠኝም አልከፋኝም። ቀድሜ የወጣሁት ስለቸኮልኩ አይደለም፣ ኦቶ ከሌላው በፊት ስለሚቀመስ ነው። እሱን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። እኛ የጋ ብሔር ሰዎችም መጠጥ ይዘን ስንሄድ ልጅቷ ትጠየቃለች፣ ስለዚህ አያትሽ የጠየቁሽን አውቄዋለሁ። በመጀመሪያው ጥያቄ ልቤ በደስታ ሊቆም ነበር። በሁለተኛው ጸለይኩ። በሦስተኛው ‹ሰውዬው› አልሽኝ። ብትጠዪኝ ኖሮ እከራከርሽ ነበር፣ እንደ ዓሣው። ማፈርን ግን በምን እከራከረዋለሁ? ደህና ሁኚ። ናና ሳህኑን ጨርሰውት እንደሆነ ብቻ ሳላውቅ መቅረቴ ይቆጨኛል።»

ጨርሰውት ነበር። ይህን ጽፌ ላኩለት። ሌላም ብዙ ጻፍኩ፣ ይቅርታም ለመንኩ፣ እመጣለሁም አልኩ። አንዱም አልተመለሰልኝም። የሚገርመው ያን ሁሉ ወረቀት ስጽፍ ለእናቴ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አሁንም በድብቅ ነበር የምወደው። ናና የተናገሩት ይኸንን ነበር፣ ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም።

ናና ከልደቱ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ በእንቅልፋቸው አለፉ። ለቀብሩ ትልቅ ሸራ ላይ የሚታተም ፎቶ ሲፈለግ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ተከራክሮ የማያልቀው ያ ቤተሰብ፣ ያለ ክርክር አንዱን መረጠ። የዛጎሉን ፎቶ ነበር። የናናን ፊት ብቻ ቆርጠው አሳደጉት። ነጭ ለብሰው፣ ዶቃቸውን አድርገው፣ ካሜራውን የያዘውን ሰው ቀጥ ብለው እያዩ ፈገግ ብለዋል። ሰው የራሱን ልጅ ሲያይ እንደዚያ ነው የሚያየው።

ሸራው በራችን ላይ ተሰቅሎ፣ ግቢው የሐዘናችንን ጥቁርና ቀይ በለበሰ ሰው ሞልቶ ሳለ አንዲት የናና የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ እናቴና እኔ የተቀመጥንበት ድረስ መጡ። «እግዜር ያጥናችሁ። ኧረ እኅቴ እኮ ሕያው ሆነው የሚያዩኝ መሰለኝ! ይሄን ፎቶ ማን አነሳው?»

«እንጃ፣ አንድ የምግብ ቤት ሰው ነው» አለች እናቴ።

«ኦካይ ነው ያነሳው» አልኩ።

እናቴ ዞራ አየችኝ። አጎቴ ኮቢናም ከኋላ ጆሮውን ጣለ። ድምፄ በዚህ ጊዜ የራሴ ነበር።

«ኦካይ ይባላል፣ የቾርኮሯ የእማማ ዴዴ ልጅ። የምወደው ሰው ነው። ናና ያውቁት ነበር።»

እናቴ መሐረቧን እንደያዘች ቀረች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። እስካሁን ስፈራው የኖርኩት ነገር በሙሉ ይኸው ነበር፣ የአንዲት ሴት መሐረብ አየር ላይ መቅረት። ትልቋ ሴትዮ ግን ፊታቸው በራ። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው በሰዉ መሃል በዓይናቸው ፈለጉት።

«እሰይ! የታለ? አሳይኝ፣ እጁን ልጨብጠው።»